ሰባት ቁጥር ስኔር

ጥቅምት 6 ቀን

ለተከበርከው ልጄ፣ ለዓይኔ ብርሃን፣ በሰው አገር ስሜን ላስጠራኸው፦

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ፣ እህትህና መላው ቤተሰብ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ከአንተ ናፍቆት በቀር አንዳች የጎደለብን ነገር የለም። በሄድክበት ሁሉ እግርህ አይሰናከል፤ ቃልህ ይሰማ፤ በአለቆችህ ፊት ሞገስ ይስጥህ። በቢሮህ ወንበር ላይ ተቀምጠህ የተነሣኸው ፎቶግራፍ ይላክልኝ ዘንድ አሁንም ደግሜ አሳስባለሁ።

አባትህ

ጋሼ፣ እስከዚህ ያለው አያቴ አባባ ያስጻፉኝ ነው። ጡረታ ከወጡ ስንት ዓመታቸው፣ ዛሬም ደብዳቤ የሚያስጽፉት ማርሽ ባንድ እንደሚመሩ ሁሉ ቆመው፣ ግራ እግራቸውን አስቀድመው፣ እጃቸውን እያወናጨፉ ነው። «አንዳች የጎደለብን የለም» ሲሉኝ የኔ ቀኝ እግር ከጉልበት በላይ ድረስ በጄሶ ታሽጎ ሁለት ትራስ ላይ ተጋድሟል። «አባባ፣ የኔስ እግር?» ብላቸው «ተሰበረ እንጂ ጎደለ? ጻፊ!» አሉኝ። ፖስታውን የማሽገው እኔ ስለሆንኩ ከዚህ በታች ያለውን አያዩትም።

እንዴት እንደተሰበረ ልንገርህ። የትምህርት ቤታችን ባንድ ለከተማው ውድድር ሊሰለፍ አንድ ሰዓት ሲቀረው የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የያዘው ሰውዬ የገባበት ጠፋ። ስኔር የምንለው ድራማችን እዚያ ውስጥ ተቆልፎበታል። እኔ በመስኮት ገባሁ። ስኔሩን በገመድ አወረድኩት፤ እኔን የሚያወርደኝ ግን አጣሁ። ዘለልኩ። የሙዚቃ መምህራችን እየሮጠ መጥቶ «ምን ሆነ? ተጎዳ?» እያለ ያገላበጠው ስኔሩን ነው።

ይኸው ሦስት ወር ተፈርዶብኛል። እማዬ ሥራ ትውላለች፤ እኔና አባባ በአንዲት ክፍል ተፋጠን እንውላለን። መስኮቱ የሚያሳየኝ የጎረቤታችንን የልብስ ሰፊውን ግድግዳ ብቻ ነው። አርባ ሁለት ጡብ አለው። ዛሬ ደግሜ ቆጠርኩት፤ አልጨመረም።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ትምህርት ቤቱ አዲስ ስኔር ሊገዛ ነው። መምህራችን ደግሞ «ስኔር ስኔር ነው፤ ሁሉም ጣ ነው የሚለው፤ ርካሹን እንግዛ» ብሎ ቆሽቴን አሳረረው። ለእማዬ ብነግራት «ድራም አይደል እንዴ?» አለችኝ። «ድራም ነው፤ ግን ከሆዱ ሥር ሽቦ ተወጥሮለታል፤ ሲመታ ሽቦው አብሮት ይንጫጫል» ብላት «አይ አንቺ!» ብላኝ ሄደች። እንግዲህ የቀረኸኝ አንተ ነህ። የድምፅ ምርጫ ክፍል ኃላፊ ነኝ ብለህ የለ? እባክህ የተለያዩትን ስኔሮች እየመታህ በካሴት ቅዳልኝና ላክልኝ። መምህሩን በማስረጃ ነው አፉን የማስይዘው።

የምትወድህ (ሌላ የምትወደው ነገር ሁሉ ከአልጋው ስለራቀባት)፣

ምላጭህ


ኅዳር 4 ቀን

ይድረስ ለውድ አባቴ፣ ለእህቴ እና ለዚያች ለምላጯ፦

ጤናችሁ እንደምን ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን እጅግ ደህና ነኝ። ሥራዬም ከቀን ወደ ቀን ከፍ እያለ ሄዷል። የሱቃችን ባለቤት እኔን ሳያማክር አንድ ድራም አይገዛም፣ አይሸጥም። የመንገድ ጫጫታ እንዳይረብሸኝ ተብሎ ቢሮዬ ከሱቁ ሥር ምድር ቤት ውስጥ ነው የተሰናዳልኝ። እጅግ ጸጥ ያለ ነው፤ መስኮት እንኳ የለውም። ፎቶግራፉን በተመለከተ፣ አባባ፣ ካሜራ ያለው ባልደረባዬ ዕረፍት ወጥቶ ነውና ጥቂት ይታገሡኝ።

ምላጬ፣ እግርሽን ይማርልሽ። መምህርሽ «ስኔር ሁሉ አንድ ነው» ካለ ጆሮውን ይታጠብ። ካሴቱ ላይ አሥራ ሁለት ስኔር ቀድቼልሻለሁ። በአንድ ዓይነት ዱላ፣ ቆዳቸውን እኩል ወጥሬ፣ እያንዳንዳቸውን አሥር አሥር ጊዜ መትቻቸዋለሁ። ሱቁ ለሩቅ ደንበኞች ድምፅ የሚልክበት መቅጃ ስላለ አላስቸገረኝም።

አንድ ቁጥር ቀጭን እንጨት ነው። ሞቅ ብሎ ይመጣና ቶሎ ዝም ይላል፤ የሚናገረውን የሚያውቅ ሰው እንደዚያ ነው። ሦስት ቁጥር ነሐስ ነው። ከመታሽው በኋላም ይናገራል፤ ጥለሽው ክፍሉን ብትወጪ እንኳ ከኋላሽ የሚጨምራት ነገር አለችው (እህቴን አስታወሰኝ፤ ይህን አታንብቢላት)። አራት ቁጥር አሉሚኒየም ነው፤ ደረቅ፣ ጥርት ያለ፣ ዶሴ ላይ ማኅተም ሲያርፍ ዓይነት። ስድስት ቁጥር ወፍራም እንጨት ስለሆነ ጥልቅ ነው፤ ጆሮሽን ሳይሆን ደረትሽን ነው የሚያንኳኳው። ሰባት ቁጥርን ባልቀዳው ይሻል ነበር። ላይኛው መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ያረጀ ብረት ነው፤ ባለቤቱ «አይሸጥም፣ አይነካም» ብሏል። ቁጥሩ እንዳይጎድል ብዬ ነው የመታሁት። ድምፁ የሞተ ነው፤ መቼም እርጅና ይሆናል።

ለሰልፍ አራት ቁጥርን የመሰለ አስገዢያቸው። ሜዳ ላይ ድምፁ አይበተንም።

አጎትሽ፣ የድምፅ ምርጫ ክፍል ኃላፊ


ኅዳር 29 ቀን

ጋሼ፣ የአባባን ምርቃት በሌላ ወረቀት ጽፌዋለሁ፤ ሙሉ ገጽ ነው፤ መጨረሻው ያው ፎቶ ነው።

ካሴቱ የደረሰ ዕለት አባባ ጎረቤቱን ሁሉ ጠሩ። ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጣ። አንድ ቁጥር ሲመታ አባባ «ይኸ የልጄ እጅ ነው!» አሉ። ሁለት ቁጥር ሲመታ «ይኸም የልጄ እጅ ነው!» አሉ። እንዲህ እያሉ አሥራ ሁለት ደረሱ። ልብስ ሰፊው ዓይኑን ጨፍኖ በአክብሮት ሲያዳምጥ ቆየና ቀስ ብሎ «ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀምረው?» አለ። አባባ ሊያስወጡት ተነሥተው ነበር፤ እማዬ ናት የያዘቻቸው።

ከዚያ ክርክር ተጀመረ። አባባ ሽንጣቸውን ገትረው ለስድስት ቁጥር ቆሙ። «ወንድ ድራም ማለት ይኸ ነው!» አሉ። እኔ «አባባ፣ ስድስት ቁጥር ሜዳ ላይ አምስት እርምጃ አይሄድም፤ እንደ እርስዎ ጉልበት ነው» አልኩ። የዚያን ቀን እራት የቀረበልኝ ዘግይቶ ነው። ሦስት ቁጥርን ያለ ምክንያት የወደደችው እማዬ ናት። እኔም ዝም አልኩ፤ አሳዘነችኝ።

ከዚህ በታች ያለው ለአንተ ብቻ ነው።

ጋሼ፣ እግሬ የተሰቀለ ሰው ነኝ። ካሴቱን ከመቶ ጊዜ በላይ ሰምቼዋለሁ። ምቱን ስጠግብ በምቶቹ መካከል ያለውን ጸጥታ ማዳመጥ ጀመርኩ። ከአምስት ቁጥር በኋላ ኮቴ ይመጣል። ከዚያ ብረት ከብረት ይጋጫል፤ «ቀጭ»። ወዲያው ማንም ሳይመታቸው በክፍሉ ያሉት ስኔሮች ሽቦ ሁሉ «ሽርርር» ይላል። ስኔር እንደዚያ ነው፤ ሳትነካውም ይደነግጣል። ከዚያ ኮቴው እየራቀ ደረጃ ይወጣል። ከዚያ አንተ በረጅሙ ትተነፍስና «ስድስት ቁጥር» ትላለህ። ድምፅህ ከአምስት ቁጥር ይልቅ ዝቅ ብሏል።

የቆለፈው ሰው የሄደው ወደ ውጭ ነው። አንተ ውስጥ ነህ። በኃላፊ ላይ ማነው በር የሚቆልፈው?

ደግሞም ሰባት ቁጥር አላረጀም። ሆዱ ውስጥ ዕቃ አለ። እንዴት አወቅሽ ብትለኝ፣ ያ እግሬን የበላው ስኔር አሁን እኔ ጋ ነው፤ መምህሩ መጽናኛ ብሎ አመጣልኝ። የላይኛውን ቆዳ ፈትቼ የእማዬን ሻሽ ከተትኩበት፤ ታፈነ፤ ግን ሰባት ቁጥርን አይመስልም። ካልሲ ከተትኩ፤ አይመስልም። የአባባን የጡረታ ደብተር በመሐረብ ጠቅልዬ ከተትኩና መታሁት። ጋሼ፣ ቁርጥ ሰባት ቁጥር! ዕቃው የታችኛው ቆዳ ላይ ይተኛና ሽቦው መተንፈሻ ያጣል። አባባ ሁለት ቀን ሙሉ ደብተራቸውን ሲፈልጉ ቤቱን ገለበጡት፤ ልብስ ሰፊውን ሳይቀር ጠረጠሩት። በኋላ ኮታቸው ኪስ ውስጥ መልሼ አስገባሁላቸውና «ይኸው እርጅና!» ብዬ አገኘሁላቸው። አመሰገኑኝ።

እንግዲህ ሰባት ቁጥር ውስጥ ያለው በጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ደብተር የሚያህል ነገር ነው። የምታውቀው ነገር ይሆን?

ምላጭህ


ታኅሣሥ 24 ቀን

ይድረስ ለውድ አባቴና ለእህቴ፦

ሰላምታዬ ካላችሁበት ይድረሳችሁ። ሥራ በዝቶብኝ ሳልጽፍ ስለቆየሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ባለቤቱ ምክትሉ ሊያደርገኝ እያሰበ ነው። ፎቶው ይደርሳል።

ለልጅቷ፦ የተጠየቀችው ስኔር እንድትመርጥ ነበር፤ የትልቅ ሰው በር ላይ ጆሮ እንድትጥል አይደለም። ትምህርቷን ታጥና።

ልጅዎ


የካቲት 9 ቀን

ይድረስ ለተከበሩ ምክትል ባለቤት፦

«ልጅቷ» ነኝ። ጥናቴን እያጠናሁ ነው፤ እርስዎ ግን እንዴት ሰነበቱ? ጄሶው ተፈታልኝ። ከውስጡ የወጣው እግር የኔ አይመስልም፤ የድራም ዱላ ነው የሚያህለው። ትምህርት ቤቱም አራት ቁጥርን የመሰለ ስኔር ገዛ። መምህሩ አንዴ መታውና «እኔስ ምን አልኩ?» አለ።

በቃ፣ «እርስዎ» እያልኩ መጻፍ አልቻልኩም። ጋሼ፣ ጉድ ፈልቷል።

አባባ «ምክትል» የምትለዋን ቃል ካነበቡ ወዲህ መሬት አልበቃቸው አለ። ለእኛ ሳይነግሩ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ፈልገው ለአለቃህ ደብዳቤ አስጻፉ። «የልጅ ልጅ አለችኝ፤ አንዴ የሰማችውን ድምፅ አትረሳም፤ በአጎቷ ሥር ሆና ሥራ ትማር» ብለው። በፈጣን ፖስታ ቢልኩለት ሰውዬው በአሥራ ስምንት ቀን መለሰ! አንተ እንኳ እንደዚያ አልፈጠንክልንም። የጉዞ ትኬትም አብሮ ልኳል። ለሚያዝያ 20።

የሰውዬውን መልስ አባባ ቆመው አስነበቡኝ። «ጆሮዋ ጥሩ ከሆነ ትምጣ። ማደሪያዋ እዚያው ከሥራ ቦታዋ ነው። ፓስፖርቷን እንዳይጠፋባት እኔ ዘንድ አስቀምጥላታለሁ» ይላል። አባባ እንባ ቀረሽ ሆኑ። «አየሽ ኃላፊነት የሚሰማው ሰው? ፓስፖርትሽን እንኳ አስቦልሻል!» አሉኝ። እማዬ አንዱን ቀሚስ አራት ጊዜ ተኮሰችው።

«አባባ፣ ትምህርቴስ?» አልኩ።

«እዚያ ትምህርት የለም መሰለሽ? ለአጎትሽ አንድ ቃል ብጽፍለት ያስገባሻል።»

«እሱስ ይፈልገኛል?»

«የገዛ ሥጋውን!»

ልብስ ሰፊው የመንገድ ኮት ሊሰፋልኝ ለክቶኛል። ትከሻዬን ሲለካ «ታድለሽ» አለኝ፤ ከዚያ ፊቴን አይቶ መርፌውን አፉ ውስጥ መልሶ ከተተ።

ጋሼ፣ ስለ በሩ ከዚህ ወዲያ አልጠይቅህም። ስለ ሰባት ቁጥርም አልጠይቅህም። ለማንም አልተናገርኩም። አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ፦ ልምጣ? «ነይ» ካልከኝ ኮቴን ለብሼ እመጣለሁ። ዝም ካልከኝም መምጣቴ ነው፤ እዚህ ዝምታህን አባባ ናቸው የሚተረጉሙት።

ምላጭህ


የካቲት 30 ቀን

ምላጬ፦

አትምጪ።

ይህ ደብዳቤ ለአንቺ ብቻ ነው። አንብቢውና አቃጥይው።

ኃላፊ አይደለሁም። ክፍልም የለም። አለቃዬ ከድሮ ጀምሮ በአገሩ የታወቀ የድራም ሰው ነው፤ ሰው ድራም ከየአገሩ ይዞ ይመጣና ፍርዱን ይሰማል። ጆሮው ግን ከድቶታል። እኔ ስመጣ ግማሽ ይሰማ ነበር፤ አሁን መድፍ ቢተኮስ አይሰማም። የሰውን ከንፈር እያየ ነው የሚያወራው። ደንበኛ ሲመጣ «ወርጄ በጸጥታ ላዳምጠው» ይላል። ይወርዳል። እኔ እመታለሁ፤ «ሞቅ ያለ፣ ሽቦው የላላ፣ ጠርዙ የተሰነጠቀ» እያልኩ ካርድ ላይ እጽፋለሁ። ካርዱን ሸምድዶ ይወጣና ከራሱ እንዳመነጨው ይናገራል። የሚቆልፍብኝ፣ ሰው ወርዶ እንዳያየኝ ነው። የምተኛውም እዚያው ነው። በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ክንዴን ይዞ ንፋስ ያስመታኛል፤ በር የሚከፍተው እሱ ነው። ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት የሚያደርሰውም እሱ ነው፤ ፊደላችንን ስለማያውቅ አይፈራውም።

አንድ ጊዜ ንዴት ይዞኝ የማይረባውን ድራም «ጥርት ያለ፣ ሕይወት ያለው» ብዬ ጻፍኩለት። ወጥቶ እንደዚያው ተናገረ። ደንበኛው ራሱ መታ መታ አድርጎት «እውነት ነው፣ ሕይወት አለው!» ብሎ ሲወስደው በወለሉ ሰማሁ። የዚያን ቀን ነው የፈራሁት። ብዋሽ እንኳ የሚይዘኝ ሰው የለም።

አሁን ስለ ሰባት ቁጥር። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዕለት ከመደርደሪያው አውርጄ ፈታሁት። ስምንት ብሎን ነው ያለው። በፎጣ ቁራጭ የተጠቀለለው ፓስፖርቴ ነው። በመጣሁ በሳምንቱ «ላስቀምጥልህ» ብሎ የወሰደው። ድምፅ መስማት የማይችል ሰው ድራም ምሥጢር የሚጠብቅ ይመስለዋል። አራት ዓመት ሙሉ ክንዴን ብዘረጋ በምደርስበት ቦታ ነበር።

ምን እንዳደረግሁ ልንገርሽ? መልሼ ከተትኩትና ስምንቱንም ብሎን አጠበቅሁ። ከዚያ ያንን ክፉ ደብዳቤ ጻፍኩልሽ።

ይዤው የት እሄዳለሁ? አባባ ልጄ ኃላፊ ነው ያላሉበት ቤት አለ? ባዶ እጄን በዚያ ሰፈር እንዴት አልፋለሁ? ይኸ በር ቢቆለፍም ቁልፍ አለው። የአባባ በር ግን መክፈቻው አይታወቀኝም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። እግሬ አልዳነም በይ። አነክሺ። ሐኪሙ መንገድ ከልክሎኛል በይ። ለአባባ ግን አንዲት ቃል እንዳትነግሪያቸው። በእናትሽ።

አጎትሽ


መጋቢት 22 ቀን

ጋሼ፣ እንዳትቆጣ። ብትቆጣም ቁጣህ እዚህ ለመድረስ ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል።

አላቃጠልኩትም። አነበብኩላቸው።

እምልልሃለሁ፣ አስቤው አልነበረም። ማንከሱን አንተ ሳትለኝ ገና በራሴ ተለማምጄ ነበር፤ እማዬ እንኳ አምናኝ ደነገጠች። ግን ደብዳቤህ የደረሰው አባባ ቤት በነበሩበት ሰዓት ነው። ልብስ ሰፊውም ኮቱን ሊያስለካኝ መጥቶ ነበር። «አንብቢ!» አሉ አባባ፣ ቆመው። እኔ ደግሞ የአንተን ሰላምታ በቃሌ ስለማውቀው ወረቀቱን እያየሁ ከራሴ ማንበብ ጀመርኩ፦ «ይድረስ ለውድ አባቴ፣ ጤናዎ እንደምን ነው፣ እኔ እጅግ ደህና ነኝ...»

እዚህ ስደርስ አቆምኩ። «እጅግ ደህና ነኝ» የምትለዋን ቃል አራት ዓመት ያነበብኩላቸው እኔው አይደለሁ?

«ቀጥይ» አሉ።

«አትምጪ» አልኩ። ከዚያ እስከ መጨረሻው ያለውን በሙሉ አነበብኩ።

ልብስ ሰፊው ጠመኔውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። እማዬ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። አባባ «የበሩን ድገሚው» አሉ። ደገምኩት። «አሁንም ድገሚው።» ሦስት ጊዜ ካነበብኩላቸው በኋላ ልብስ ሰፊውን በዓይናቸው ብቻ አስወጡት።

ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅሁ። ሊቀመጡ ሲሉ አልጋውን ሳቱትና እኔ ደገፍኳቸው። ጋሼ፣ በጣም ቀላል ናቸው።

«አራት ዓመት አንዲት ፎቶ ያልላከ ሰው ቢሮ እንደሌለው አጥቼው ይመስልሻል?» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን አልጠየቁትም?»

«ጠይቄዋለሁ» አሉ። «በየደብዳቤው ፎቶ ላክ ብዬዋለሁ። ከዚህ ሌላ አባት ምን ብሎ ይጠይቃል?»

«እኔን ግን ሊልኩኝ ነበር!»

«ሄደሽ አይተሽ እውነቱን የምትነግሪኝ አንቺ ብቻ ነሽ ብዬ ነው» አሉ። «ቁልፍ እንዳለበት አላውቅም ነበር። ትኬቱን አምጪ።» ለአራት ቀደዱት። ጊዜ ወሰደባቸው፤ እኔም ላግዝዎት አላልኩም።

ከዚያ «ጻፊ» አሉኝ። እኔ በልማድ «ለተከበርከው ልጄ፣ ለዓይኔ ብርሃን» ብዬ ጀመርኩ። «ሰርዢው» አሉኝ። ሰረዝኩት። «ምን ልበል?» አልኩ። አንዲት ቃል ነገሩኝ። «ሰላምታውስ? ምርቃቱስ?» ብላቸው «ያችን ብቻ» አሉ። ኋላ እሷንም አላመኑኝም፤ ብዕሩን ቀምተው ራሳቸው ጻፉት። ከዚህ ጋር ተያይዟል። ፊደሉ የተንጋደደው ተቀምጠው ስለጻፉ ነው።

ማታ ልብስ ሰፊው በራችንን አንኳኳ። አባባ ወጡና እኔ እየሰማሁ «ልጄ ኃላፊ አይደለም። ሰው ቆልፎበታል። እንዲመጣ ጽፌለታለሁ» አሉት። ልብስ ሰፊው «ኮቱን ለእሱ ላሰፋው?» አለ። አባባ በሩን አልዘጉበትም።

ምላጭህ

(በአንድ ነጠላ ወረቀት ላይ፣ በትልልቅ የተንጋደዱ ፊደላት፦)

ና።


ሚያዝያ 15 ቀን

ምላጬ፣

ባቡሩ እስኪነሣ አንድ ሰዓት ስላለኝ ጣቢያው ውስጥ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ። ምናልባት ደብዳቤውን እኔ እቀድመው ይሆናል። እውነቱን ለመናገር ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ ተናድጄብሽ ነበር። ከዚያ የአባባን ወረቀት ገለጥኩ። የአባባን የእጅ ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ማየቴ ነው።

ዛሬ ጠዋት ሰባት ቁጥርን አውርጄ ፈታሁት። ፓስፖርቴን ኪሴ ከተትኩና ድራሙን መልሼ ገጠምኩት። አለቃዬ ካርድ ሊወስድ ሲወርድ ካርዱ ላይ «እሄዳለሁ» ብዬ ጽፌ ሰጠሁት። አነበበው። ገልብጦ ጀርባውን አየው፤ የድራሙን ጉዳይ የጻፍኩበት መስሎት። ሌላ ነገር እንደሌለ ሲያይ ዓይኑ ወደ ላይኛው መደርደሪያ ሄደ።

«ማን ነገረህ?» አለኝ።

ድራሙን ጠቆምኩት።

ይጮኻል፣ ይዘጋብኛል ብዬ ጡንቻዬን ወጥሬ ነበር። እሱ ግን ሰባት ቁጥርን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ በጣቱ መታው። ከዚያ ቀና ብሎ ፊቴን ያይ ጀመር፣ እንዴት እንደሚል እንድነግረው። ምላጬ፣ ሰባት ቁጥር እንዴት ያለ ስኔር እንደሆነ ብትሰሚው! ከአሥራ ሁለቱ እሱን የሚስተካከል የለም። ካርድ አውጥቼ ጻፍኩለት። የሰማሁትን ሳልቀንስ፣ እንደ ሁልጊዜው። ካርዱን ይዞ ደረጃው ላይ ተቀመጠና ማንበብ ጀመረ። በአጠገቡ ሳልፍ ትከሻዬ ነካው፤ ቀና አላለም።

ደረጃውን ወጣሁ። ሱቁ ገና አልተከፈተም፤ ሰው የለም። የመንገዱ በር ጋ ደረስኩና እጀታውን ያዝኩ። ቁልፉ በሩ ላይ ተሰክቷል፤ አልተቆለፈም። እንዲያም ሆኖ ቆሜ ቀረሁ። ከኋላዬ መጥቶ የሚከፍትልኝ ሰው እየጠበቅሁ እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። አራት ዓመት ሙሉ በዚያ በር ስወጣና ስገባ አንድ ቀን ራሴ ከፍቼው አላውቅም። ይሳብ እንደሆነ፣ ይገፋ እንደሆነ አላውቅም።

ሳብኩት። እምቢ አለኝ። 

ከዚያ ገፋሁት።

አጎትሽ